ኮሌጅ በማን እጅ ይፈርማል? ከካምብሪጅ ማኅተም እስከ ፍትሐ ብሔር ሕጋችን



የዛሬው ርእሴ ላይ ላዩን ለሚያየው የቢሮ ጉዳይ ይመስላል። አንድ ኮሌጅ ወንበር ሲገዛ፣ ሕንፃ ሲያሠራ፣ መሬቱን ሲያከራይ፣ ከውሉ ግርጌ ስሙን የሚያኖረው ማን ነው? አብዛኞቻችን ይህን ጥያቄ የምናነሣው አንድ ወረቀት ፊርማ አጥቶ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ነው። ፊርማው በተገኘ ማግስት ጥያቄውም ይረሳል። እኔ ግን ኮሌጅ የምንለው ነገር በእውነቱ ምን እንደ ሆነ ከሚገልጡልን ጥቂት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው ብዬ ስለማምን፣ በዛሬው ሰዓታችን ወደ ኋላ ሄጄ ታሪኩን ላጫውታችሁ አስቤአለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮሌጅ እጅ የለውም። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሰው በራሱ ስም ሲፈርም የሚፈርመው እጅና የሚገደደው አካል አንድ ናቸው፤ ያጠፋ እንደ ሆነ በራሱ ኪስ ይከፍላል። ለኮሌጅ የሚፈርም ሰው ግን በሌላ ኪስ ነው የሚፈርመው። እሱ ነገ ይሻራል፣ ጡረታ ይወጣል፣ ይሞታል፤ ግዴታው ግን ከኮሌጁ ጋር ይቀራል። የእንግሊዙ ዳኛ ኤድዋርድ ኩክ በ1612 በሳተን ሆስፒታል ክርክር ላይ፣ ማኅበር ማለት የማይታይ፣ የማይሞት፣ በሕግ አሳብ ውስጥ ብቻ የሚኖር አካል መሆኑን ጽፎ ነበር። የማይሞት አካል በሚሞቱ ሰዎች እጅ ይፈርማል ማለት ነው። እንግዲህ የሚሞተው ሰው ከተሰጠው ሥልጣን አልፎ ቢፈርም ጉዳቱን ማን ይሸከም? ኮሌጁ ነው እንዳንል ገና ያልተወለዱ ተማሪዎች ይጎዳሉ፤ ውል ተቀባዩ ነው እንዳንል በቅን ልቦና ገንዘቡን ያወጣ ሰው ይጎዳል። ከዚህ በታች የምተርካቸው ክርክሮች ሁሉ፣ በስማቸውና በቋንቋቸው ቢለያዩም፣ በዚህ አንድ ጥያቄ ላይ የተደረጉ ናቸው።

የመጀመሪያው መፍትሔ ማኅተም ነበር። በኦክስፎርድ የሜርተን ኮሌጅ በ1264፣ በካምብሪጅ ፒተርሃውስ በ1284 ሲመሠረቱ፣ አንድ ማኅበር ቃል የሚሰጠው በወል ማኅተሙ እንደ ሆነ የታወቀ ነበር። በሰም ላይ የታተመው ምልክት የኮሌጁ አፍ ነው፤ ማኅተም የሌለበት ወረቀት የአለቃው ወይም የአንዱ አባል የግል ወሬ ነው እንጂ የኮሌጁ ቃል አይደለም። ስለዚህ ማኅተሙን በአንድ ሰው እጅ አይተዉትም ነበር። ብዙ መቆለፊያ ባለው ሳጥን ያኖሩታል፤ ቁልፎቹ ለተለያዩ ሰዎች ይታደላሉ፤ ሳጥኑ የሚከፈተው ሁሉም በአንድነት ሲገኙ ብቻ ነው። አለቃው ብቻውን ቢፈልግ አይከፍተውም፣ አባላቱም ያለ አለቃው አይከፍቱትም። ዛሬ በየመሥሪያ ቤታችን በባንክ ቼክ ላይ ሁለት ፈራሚ የምንጠይቀው ከዚያ ሳጥን እምብዛም ባልራቀ ምክንያት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ማኅተም ብቸኛው መንገድ አልነበረም። በእኛ አገር በጎንደር ዘመን የተጻፉ የመሬት ስጦታና ሽያጭ መዝገቦችን ያየ ሰው፣ ጽሑፉ በብራና መጽሐፍ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ እንደ ሰፈረ፣ ከሥሩም የእማኞች ስም በተርታ እንደ ተደረደረ ያውቃል። የቤተ ክርስቲያኑ ርስት ሲነካ ነገሩን የሚያጸናው በቦታው የተገኙት ሰዎችና መጽሐፉ ራሱ ነበሩ። መጽሐፉ ከቤተ ክርስቲያኑ አይወጣም፤ እማኞቹ ቢሞቱ ስማቸው አይሞትም። አንዱ አገር ቃሉን በሳጥን ቆለፈ፣ ሌላው በሰው ፊት ገልጦ አስቀመጠ። ሁለቱም የፈሩት አንድ ነገር ነው፤ የወል ንብረት በጨለማ እንዳይሸጥ።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ልግባ። የካምብሪጁ መግደላዊት ኮሌጅ ይባላል፤ እነሱ ግን ስሙን ሲጠሩ ሞድሊን ነው የሚሉት። ቀድሞ የቤኔዲክቶስ መነኮሳት ማደሪያ የነበረውን ቤት፣ የሄንሪ 8ኛ ሎርድ ቻንስለር የነበረው ቶማስ ኦድሊ በ1542 በአዲስ መልክ አቋቋመው። ገዳማት ሲፈርሱ ከእጁ ከገባው ሀብት ላይም በለንደን ቅጥር ጥግ፣ ኦልድጌት በተባለው በር አካባቢ፣ ሰባት ኤከር ያህል የአትክልት ቦታ ሰጠው። በእኛ ልክ ሦስት ሄክታር ግድም መሆኑ ነው። ኮሌጁ ድሃ ነበር። ያ ቦታ ግን ወደፊት ከካምብሪጅ ባለጸጋ ኮሌጆች አንዱ ሊያደርገው የሚችል ነበር፤ ለንደን ከቅጥሯ ወጥታ እየሰፋች ነበርና።

ይህን ቦታ የፈለገው ቤኔዲክት ስፒኖላ የተባለ በለንደን የሚኖር የጄኖዋ ነጋዴ ነው። ለንግሥት ኤልሳቤጥ ቤተ መንግሥት ገንዘብ ከሚያበድሩት አንዱ ስለ ነበረ ሰሚ ጆሮ አላጣም። አንድ እንቅፋት ግን ነበረበት። በ1571 ፓርላማው ያወጣው ሕግ፣ ኮሌጆችና ካቴድራሎች መሬታቸውን ከ21 ዓመት ወይም ከሦስት ሰዎች ዕድሜ በላይ ለሚዘልቅ ጊዜ ለማንም ሰው ቢያስተላልፉ ውሉ ፈራሽ ነው ይላል። ሕጉ የወጣበት ምክንያት የሚያስደንቅ አይደለም። በየኮሌጁ የነበሩ አለቆችና አባላት መሬቱን ለረጅም ዘመን በርካሽ ኪራይ ሰጥተው፣ የእጅ መንሻውን ለራሳቸው ያደርጉ ነበር። ተከታዮቻቸው የሚያገኙት በመቶ ዓመት ውስጥ የማትጨምር ጥቂት ኪራይ ብቻ ትሆናለች።

በ1574 የኮሌጁ አለቃ ሮጀር ኬልክና አባላቱ አንድ ብልሃት አገኙ፤ ወይም ተገኘላቸው። መሬቱን ለስፒኖላ አልሸጡለትም። ለንግሥቲቱ አስተላለፉላት፤ በቅድመ ሁኔታ። ንግሥቲቱ በተቆረጠው ቀን ውስጥ መሬቱን ለስፒኖላና ለወራሾቹ ካላስተላለፈች ውሉ ይፈርሳል። ለኮሌጁም በየዓመቱ 15 ፓውንድ ይከፈለዋል፤ ለዘላለም። አስቡት፤ ለዘላለም 15 ፓውንድ። ንግሥቲቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የድርሻዋን ፈጸመች። ሕጉ የከለከለው ለማንም ሰው ማስተላለፍን ነው፤ ንግሥት ደግሞ ማንም ናትን? የብልሃቱ መላ ምሰሶ ይህች ጥያቄ ነበረች።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ፊርማው ጉድለት አልነበረበትም። ማኅተሙን የሰረቀ የለም፤ ቁልፍ ያስመሰለ የለም። ለኮሌጁ መፈረም የሚገባቸው ሰዎች፣ አለቃውና አባላቱ፣ በሥርዓቱ ተስማምተው አተሙ። በመካከለኛው ዘመን የተሠራው ያ ባለብዙ ቁልፍ ሳጥን ከአንድ ሌባ ይጠብቃል፤ ቁልፍ ያዦቹ ሁሉ ሲስማሙ ግን ከማንም አይጠብቅም። ማን ይፈርማል የሚለውን ጥያቄ በሚገባ የመለሰ ኮሌጅ ሁለተኛውን ጥያቄ ዘንግቶት ኖሯል፤ ሁሉም ተስማምተውም ቢሆን ሊፈርሙት የማይችሉት ውል የትኛው ነው? የ1571ዱ ሕግ የመጣው ለዚህ ነበር። በአንድ ዘመን በኮሌጁ ውስጥ ያሉት ሰዎች የኮሌጁ ጠባቂዎች እንጂ ባለቤቶች አይደሉም ማለቱ ነው።

ስፒኖላ መሬቱን በ1580 ለኦክስፎርዱ መስፍን ለኤድዋርድ ደ ቬር ሸጠለት። ከዚያም በቦታው ላይ ቤት ተሠራ። አንድ ሁለት ቤት አይደለም፤ ከመቶ በላይ። የአትክልት ቦታ የነበረው የለንደን ሰፈር ሆነ። ኮሌጁም ይህ ሁሉ ሲሆን ከሠላሳ ዓመት በላይ ዝም ብሎ ኖረ። ንግሥቲቱ በ1603 ከሞተች በኋላ ግን ባርናቢ ጉች የተባለ ጠንካራ የሕግ ሰው አለቃ ሆነና፣ ቀዳሚዬ የፈረመው ውል ፈራሽ ነው ብሎ ተነሣ። ነገሩን ለመፈተን ከቤቶቹ አንዱን ለኮሌጁ አባል ለጆን ስሚዝ በኪራይ ሰጠ፤ ስሚዝም ከነባሩ ተከራይ ጋር በንጉሡ ፍርድ ቤት ተጋጠመ።

ኤድዋርድ ኩክ በ1615 ለኮሌጁ ፈረደ። ሕጉ የወጣው ሃይማኖትን፣ ትምህርትንና ድሆችን ለመጠበቅ ስለ ሆነ ማንም ሰው የሚለው ቃል ንግሥቲቱንም ይጨምራል፤ ዘውድም የበደል መሣሪያ ሊሆን አይገባውም አለ። እኔ ይህን የፍርድ ሐተታ ባነበብሁ ቁጥር ድፍረቱ ይገርመኛል። የዘውድን ክብር ሳይነካ፣ ክብሩን ራሱን ምክንያት አድርጎ፣ የዘውድን ውል አፈረሰ። ብዙ ዳኞች ይህን ቢያስቡት እንኳ አይጽፉትም።

ነገር ግን አሁን በእነዚያ ቤቶች ውስጥ የሚኖሩትን ሰዎች አስቡ። ኪራይ ከፍለው፣ ግድግዳ አቁመው፣ ዛፍ ተክለው ኖረዋል። ስለ 1571ዱ ሕግ የሰሙት ነገር የለም፤ የንግሥቲቱ ማኅተም ያለበት ሰነድ ግን አለ። ከዘውድ ማኅተም በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጉ? የሟቹ መስፍን ልጅ ሄንሪና ተከራዮቹ አቤቱታቸውን ይዘው ወደ ቻንሰሪ፣ በእኛ የሕግ ቋንቋ ወደ ርትዕ ፍርድ ቤት፣ ሄዱ። ጉችና ስሚዝ፣ በሕግ ፍርድ ቤት አሸንፈናልና መልስ አንሰጥም ብለው እንቢ አሉ። ሎርድ ቻንስለሩ ኤልስሚርም ሁለቱንም ፍሊት ወደሚባለው ወህኒ ላካቸው። የኮሌጅ አለቃ በውል ምክንያት እስር ቤት ሲገባ ማየት ለዛሬ አለቆች ደስ የሚያሰኝ ታሪክ አይመስለኝም።

የኤልስሚር አስተያየት ከኦሪት ዘዳግም ይነሣል። ቤት ሠርቶ በውስጡ አለመኖር፣ ወይን ተክሎ ፍሬውን አለመብላት በመጽሐፉ የእርግማን ምልክት ነው፤ የኮሌጁ አለቃ ግን ያልሠራውን ቤትና ያልተከለውን አትክልት ሊወስድ ይሻል ይላል። የሰው ልጅ ሥራ ዓይነቱ ስለማያልቅ አንድ ጠቅላላ ሕግ ለእያንዳንዱ ነገር ሊበቃ አይችልምና፣ ሕጉ የማይደርስበትን የሕሊና ፍርድ ያቃናዋል የሚለው ነው የክርክሩ አጥንት። በ1616 ንጉሥ ጀምስ በሁለቱ ፍርድ ቤቶች ጠብ ውስጥ ገብቶ ለቻንሰሪ ወሰነ፤ ኩክም በዚያው ዓመት በሌሎችም ምክንያቶች ተደርቦበት ከሹመቱ ወረደ። የርትዕ ሕግ ከሕግ ጋር ሲጋጭ ርትዕ ይበልጣል የሚለው መሠረታዊ ደንብ በእንግሊዝ የጸናው በዚህ ጊዜ ነው። በየሕግ ትምህርት ቤቱ የሚነገረውም ይህ ድል ነው። ከሥሩ ያለው ጉዳይ አንድ ኮሌጅ ያተመው ውል እንደ ነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

መግደላዊት ኮሌጅ መሬቱን አላገኘውም። የቦታውን ዋጋ ዛሬ በለንደን ማእከል መገመት ለእናንተ እተወዋለሁ። ኮሌጁ ቂሙንም አልረሳ። በ1980ዎቹ ማብቂያ በካም ወንዝ ዳር ባሠራው ሕንፃ ላይ የስፒኖላን ፊት በፍሳሽ መትፊያ ቅርጽ አስቀርጾ ወደ ወንዙ እንዲተፋ አድርጎታል። ቀልዱ መልካም ነው፤ እኔ ብሆን ግን ከአጠገቡ የሮጀር ኬልክን ፊት ባስቀረጽሁ ነበር። ነጋዴው ለራሱ ገዛ፤ የፈረመው ኮሌጁ ነው። በኮሌጁ አርማ ሥር ያለው የኦድሊ ቤተሰብ መፈክር ደግሞ ቃልህን ጠብቅ የሚል ነው። በ1615 ኮሌጁ የተከራከረው ግን ቃሌ አይጠበቅብኝ ብሎ ነበር።

ኩክ ትክክል ነበር ወይስ ኤልስሚር? በክፍል ውስጥ ይህን ስጠይቅ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ለቤቶቹ ነዋሪዎች ያዝናሉ። እኔም አዝናለሁ። ሆኖም የኩክን ነገር በቀላሉ አልተወውም። ኤልስሚር ያያቸው ሰዎች በፊቱ የቆሙትን ነው፤ ቤት አላቸው፣ ጠበቃ አላቸው፣ መስፍን አላቸው። ኩክ የጠበቃቸው በፊቱ አልቆሙም፤ በ1700፣ በ1800፣ በ1900 የሚመጡ፣ በዚያ ኪራይ ሊማሩ የሚችሉ ድሆች ልጆች ናቸው። ለእነዚህ የሚከራከር ሰው በፍርድ ቤት አይገኝም። የሚከራከርላቸው አስቀድሞ የተጻፈ የሥልጣን ወሰን ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት እኔ ሚዛኑ ወደ ኩክ ያጋድልብኛል፤ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ወሰኑ ለውል ተቀባዩም አስቀድሞ የሚታይ መሆን አለበት። በሳጥን ውስጥ የተደበቀ የሥልጣን ወሰን ወጥመድ ነው።

ማኅተሙ ራሱ እየደከመ የሄደው ደግሞ በሌላ፣ በጣም ተራ በሆነ ምክንያት ነው። ኮሌጅ ሻማ ይገዛል፣ ማገዶ ይገዛል፣ ወጥ ቤት ይቀጥራል። ለእያንዳንዱ ሳጥኑ ሊከፈት፣ ሰም ሊቀልጥ አይችልም። የአሜሪካው ዳኛ ጆሴፍ ስቶሪ በ1813 በኮሎምቢያ ባንክ ክርክር ላይ፣ ማኅበር በማኅተም ብቻ ይናገራል የሚለው የጥንት ደንብ ከእንግዲህ አይጸናም፤ በአግባቡ የተሾሙ ተወካዮቹ በሥልጣናቸው ወሰን የገቡት ውል ያለ ማኅተምም ያስገድደዋል ብሎ ፈረደ። እንግሊዝ ግን ዘገየች። እዚያ ማኅበራት ልክ እንደ ግለሰብ ያለ ማኅተም እንዲዋዋሉ በጠቅላላው የፈቀደው ሕግ የወጣው በ1960 ነው።

ስቶሪ ከስድስት ዓመት በኋላ በሌላ ጉዳይ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በዳርትመዝ ኮሌጅ። ይህ ኮሌጅ በኒው ሃምፕሽር ግዛት በ1769 በንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ቻርተር ተቋቋመ፤ ቻርተሩም 12 ባለአደራዎችን ሰየመለት። በ1815 ባለአደራዎቹ የመሥራቹን ልጅ፣ ፕሬዚዳንቱን ጆን ዊሎክን ሻሩት። በማግስቱ ዓመት የግዛቱ ምክር ቤት የዊሎክን ወገን ደግፎ ሕግ አወጣ፤ ኮሌጁን ዩኒቨርሲቲ አለው፣ የባለአደራዎቹን ቁጥር 21 አደረሰ፣ ከበላያቸውም 25 ተቆጣጣሪዎች አስቀመጠ። የቀድሞዎቹ ባለአደራዎች አልታዘዝም አሉ። በአንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ሁለት ተቋማት፣ አንዱ ኮሌጅ አንዱ ዩኒቨርሲቲ፣ እውነተኛው ዳርትመዝ እኔ ነኝ ሲሉ ከረሙ።

ክርክሩን በየመማሪያ መጽሐፉ የምናውቀው ከ1819ኙ የጆን ማርሻል ፍርድ ነው፤ ቻርተር ውል ነው፣ የግዛት ምክር ቤት ውልን ሊያፈርስ አይችልም። ነገር ግን ክሱ ምን ነበር? ተከሳሹ ዊልያም ውድዋርድ የኮሌጁ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ነበር። ወደ አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ሲዞር ቻርተሩን፣ የቃለ ጉባኤውን መዝገብ፣ የሒሳብ መዝገቦቹንና ማኅተሙን ይዞ ነበር። ባለአደራዎቹ የከሰሱት እነዚህን ዕቃዎች ያለ አግባብ ይዞብናል ብለው ነው። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ታሪክ ውስጥ ከታላላቆቹ አንዱ የሆነው ክርክር በቅርጹ የማኅተምና የደብተር ክስ ነበር። ውድዋርድ ፍርዱን ሳያይ በ1818 ሞተ።

በእነዚያ ሦስት ዓመታት ለዳርትመዝ ማገዶ ያቀረበ ገበሬ ሒሳቡን ከማን ይጠይቅ? ማኅተሙ ያለው በአንዱ ዘንድ፣ አብዛኛው ተማሪ ያለው በሌላው ዘንድ ነው። በካምብሪጅ ጥያቄው የፈረሙት ሰዎች ይህን ያህል መፈረም ይችላሉን የሚል ነበር። በዳርትመዝ ጥያቄው ከዚያ ይቀድማል፤ ማኅተሙን የያዘ ሰው ኮሌጁ ነውን? የማርሻል መልስ፣ ኮሌጁ ቻርተሩ የሰየማቸው ባለአደራዎች ናቸው የሚል ነው። ማኅተም የሥልጣን ምልክት ነው፤ ሥልጣኑን የሚወልደው ግን ጽሑፉ ነው።

ይህን ወደ አገራችን ሳመጣው በመጀመሪያ የሚታየኝ ለማኅተም ያለን ክብር ነው። የነገሥታቱ ደብዳቤ ማኅተሙን ከራስጌው ይይዝ ነበር፤ አንባቢው ቃሉን ከማየቱ በፊት ባለቤቱን እንዲያይ። ዛሬም ክብ ማኅተምና ቲተር የሌለበት ደብዳቤ በመዝገብ ቤት መስኮት አያልፍም። ፊርማው የማን እንደ ሆነ፣ ያ ሰው ይህን ለመፈረም ሥልጣን ይኑረው አይኑረው የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ማኅተሙ ደበዘዘ ብሎ የሚመልስ ግን ብዙ ነው። ስለዚህም እኛ ዘንድ ማኅተም የያዘ ሰው ከሥልጣኑ በላይ ይታመናል። ውድዋርድ እዚህ ቢሆን ኖሮ ማገዶ አቅራቢው ወደ እርሱ ይሄድ እንደ ነበር አልጠራጠርም።

ሕጋችን ግን ከልማዳችን ይለያል። የእንግሊዝ ማኅበራት ከማኅተም በተላቀቁበት በዚያው በ1960፣ በእኛ 1952 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ታወጀ። በቁጥር 2189 መሠረት ተወካይ በሥልጣኑ ወሰን በወካዩ ስም የገባው ውል ወካዩ ራሱ እንደ ገባው ይቆጠራል። ከሥልጣኑ ያለፈ እንደ ሆነ ወካዩ ውሉን ሊያጸድቀው ወይም ሊያፈርሰው እንደሚችል ቁጥር 2190 ይነግረናል። ይህ የኩክ ወገን ነው። ቁጥር 2195 ደግሞ የኤልስሚርን ድምፅ ያሰማል፤ ወካዩ ውክልናውን ካነሣ በኋላ ለሦስተኛ ወገን ሳያስታውቅ የቀረ፣ የውክልናውን ሰነድ ሳያስመልስ የተወ፣ ወይም በንግግሩ፣ በአድራጎቱ ወይም በዝምታው ሌላውን ሰው ስለ ተወካዩ ሥልጣን ያሳሳተ እንደ ሆነ ከተወካዩ ጋር ይጠየቃል። ካምብሪጅ በሠላሳ ዓመት ዝምታዋ ያጣችው ነገር እዚህ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ተቀምጧል።

ለመንግሥት ተቋማት ደግሞ ቁጥር 1724 አለ። የመንግሥት አስተዳደርን የሚያስገድድ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቢሮክራሲ ሸክም ያየዋል። እኔ ግን ከዚያ ከባለብዙ ቁልፉ ሳጥን ጋር ሳነጻጽረው፣ አንዱ ቁልፍ ከኮሌጁ ቅጥር ውጭ በሌላ ሰው እጅ መቀመጡ ይታየኛል። በውስጥ ያሉት ሁሉ ቢስማሙ እንኳ አንድ የውጭ ዓይን ወረቀቱን ያየዋል። የጎንደሩ መዝገብ ያን ዓይን በእማኞች ስም ያገኘው ነበር።

በ1953 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በቻርተር ሲቋቋም፣ ከዚያም በ1995፣ በ2001 እና በ2011 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት አዋጆች ሲወጡ፣ በወረቀት ላይ ጉዳዩ እየጠራ ሄዷል። ቦርድ አለ፣ ፕሬዚዳንት አለ፣ ተቋሙ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት አለው። የ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294 ደግሞ ጥያቄውን የበለጠ አክብዶታል። ራስ ገዝ ማለት ብዙ ነገር ነው፤ ከሁሉ በፊት ግን ብዙ ውል መፈረም ማለት ነው። መሬትና ሕንፃ ያለው ዩኒቨርሲቲ በከተማ መካከል ተቀምጦ ገቢ ፈልግ ሲባል፣ የስፒኖላ ዓይነት ሰው በሩን ማንኳኳቱ አይቀርም፤ የሚያቀርበው ዋጋም በዚያ ዓመት መልካም ይመስላል።

ጥያቄው የሚከብደው በላይኛው እርከን ብቻ አይደለም። ፕሬዚዳንቱ ሥልጣኑን ለምክትሉ፣ ምክትሉ ለኮሌጁ ዲን፣ ዲኑ ለትምህርት ክፍል ኃላፊ በደብዳቤ ያስተላልፋል። ደብዳቤው እስከ መቼ እንደሚሠራ፣ እስከ ስንት ብር እንደሚፈቅድ አይጻፍበትም። ዲኑ ይለወጣል፤ ደብዳቤው በፋይል ይቀራል፤ ቲተሩ በጸሐፊዋ መሳቢያ ይቀራል። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ መጽሔቱን አትሞ ሒሳቡን ይዞ ይመጣል፤ ፈራሚው ሥልጣን አልነበረውም ይባላል። በቁጥር 2195 ዓይን ሲታይ ያ ያልተመለሰ ደብዳቤና ያ በመሳቢያ የቀረ ቲተር የኮሌጁ ጥፋት ናቸው፤ ማተሚያ ቤቱን በባዶ እጅ መመለስ አይቻልም።

ለታሪክ ክፍል ተማሪዎች አንድ ነገር ላመልክት። የተቋሞቻችንን ታሪክ ስንጽፍ ከምርቃት ንግግርና ከፕሬዚዳንቶች ስም ዝርዝር አንወጣም። የውል ፋይሎችን ግን የከፈተ ጥቂት ነው። ማን ፈረመ፣ ለስንት ዓመት፣ በየትኛው ቃለ ጉባኤ ተፈቅዶ፣ እማኞቹ እነማን ነበሩ? በመዝገብ ቤቱ አቧራ ውስጥ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ነገር እንዳለ፣ አንዳንዱም ገና በሥራ ላይ ያለ ውል እንደ ሆነ አትጠራጠሩ።